ተጓዡን ማን ይልከዋል? የዓለም ዘጋቢዎች ድጎማ፣ ሽልማትና የሚረሳው ወጪ

በጥር 2005 ዓ.ም. ፖል ሳሎፔክ የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ሁለት ግመል አስጭኖ፣ በአንድ የአፋር ባላባት እየተመራ ከሔርቶ ቡሪ በእግሩ ተነሣ። ቦታውን የመረጠው በምክንያት ነው። ከዚያ አካባቢ 160,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሰው ራስ ቅል ተገኝቷል፤ ተመራማሪዎቹም ከአፋርኛ ወስደው «ኢዳልቱ»፣ ማለትም ሽማግሌ ወይም ታላቅ ብለውታል። ሳሎፔክ የቀደሙት ሰዎች ከአፍሪካ ወጥተው ዓለምን የሞሉበትን አቅጣጫ ተከትሎ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ለመሄድና በየመንገዱ ያየውን ለመጻፍ ነበር ያሰበው። ርቀቱ ወደ 38,000 ኪሎ ሜትር ይገመታል። ሲነሣ ሰባት ዓመት ይበቃኛል ብሎ ነበር፤ በወረርሽኙ ዘመን ምያንማር ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ተገትቶ ቆይቶ ጃፓን የደረሰው ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው።

ጉዞው በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ማን ያበላዋል? አንዳንዱ ሀብታም ቱሪስት ነው ይላል፣ አንዳንዱ ሰላይ። ጥያቄው ግን ከአንድ ሰው በላይ ነው። የጉዞውን ዘገባዎች ያወጣው የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በ2023 የመጨረሻዎቹን ቋሚ ጸሐፊዎቹን አሰናብቷል። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታን ሲያቆም በብዙ ድሃ አገሮች ያሉ መገናኛ ብዙኃን የገቢ ምንጫቸው ደረቀ። (ጉዞው ከተነሣበት ከጥር 2005 ዓ.ም. በቀር እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ጀግና ተጓዦች የሚነገረው ውዳሴና ስለ ባዶ ካዝና የሚነገረው ወሬ በአንድ ሰሞን መሰማቱ ግራ ቢያጋባ አይገርምም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የገንዘቡ አሠራር ነው።

ሁለቱ ናሽናል ጂኦግራፊኮች

ብዙ ሰው የማይለየው ነገር በዚህ ስም የሚጠሩት ተቋማት ሁለት መሆናቸውን ነው። አንደኛው በ1888 በዋሽንግተን የተቋቋመው ማኅበር ነው። ለትርፍ አይሠራም፤ ለተመራማሪዎች፣ ለፎቶግራፍ አንሺዎችና ለጸሐፊዎች ድጎማ ይሰጣል። ሁለተኛው መጽሔቱንና የቴሌቪዥን ጣቢያውን የያዘው የንግድ ኩባንያ ነው። ማኅበሩ በ2015 ከመጽሔቱና ከጣቢያው ድርሻ ትልቁን በ725 ሚሊዮን ዶላር ለሩፐርት መርዶክ ኩባንያ ሸጠ፤ የገዢው ድርሻ 73 በመቶ ሆነ። ይኸው ድርሻ በ2019 ወደ ዲዝኒ ተዛወረ።

ማኅበሩ ከሽያጩ ያገኘውን ገንዘብ ቋሚ ክምችቱ ላይ ጨመረው። ቋሚ ክምችት ማለት ዋናው ሳይነካ ትርፉ ብቻ የሚወጣለት ገንዘብ ነው። በዚያን ጊዜ ክምችቱ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር እንደሚጠጋ ተነግሯል። መጽሔቱ ግን የገበያ ዕጣ ደረሰው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ብቻ 12 ሚሊዮን ደንበኞች ነበሩት፤ በ2022 መጨረሻ ከ1.8 ሚሊዮን በታች ወርደዋል።

እንግዲህ «ሠራተኛ እያሰናበቱ ተጓዥ ይደጉማሉ» የሚለው ወቀሳ ሁለት ኪስ ከማምታታት የመጣ ነው። አንዱ ኪስ ከአንባቢና ከማስታወቂያ ይሞላል፣ እየጎደለም ነው። ሌላው ከድሮ ሀብትና ከለጋሾች ይሞላል፣ አሁንም አለ። ሳሎፔክን ከማኅበሩ ሌላ ናይት ፋውንዴሽንን የመሰሉ የበጎ አድራጎት ተቋማት ረድተውታል። በእግሩ የሚሄደው ሰው በእርሻ ምርት ሳይሆን በተጠራቀመ እህል እንደሚኖር ቤተሰብ ነው፤ ጎተራው እስካልተነካ ድረስ ይቆያል፣ ነገር ግን ከመንደሩ ሁሉ ጎተራ ያለው ጥቂት ቤት ብቻ ነው።

ቀስ ብሎ መሄድ ምን ያስገኛል?

ይህ ዓይነቱ ሥራ «ዝግተኛ ጋዜጠኝነት» የሚል ስም ወጥቶለታል። ዜናው ወዳለበት ከመሮጥ ይልቅ በአንድ መንገድ ላይ ቆይቶ፣ ዜና ያልተባለውን ማየት ማለት ነው። ሳሎፔክ በየ160 ኪሎ ሜትሩ ይቆማል። መሬቱንና ሰማዩን ፎቶ ያነሣል፤ ከዚያ በቅርቡ ያገኘውን ሰው፣ እረኛም ይሁን ነጋዴ፣ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ማን ነህ? ከየት መጣህ? ወዴት ትሄዳለህ? ለእኛ አገር መንገደኛ ሦስቱም እንግዳ ጥያቄዎች አይደሉም፤ ኬላ ላይ የቆመ ጠባቂም የሚጠይቀው እነዚሁኑ ነው። ልዩነቱ መልሱ ለምን እንደሚፈለግ ነው።

አቀራረቡ ፍሬ እንዳለው ጉዞው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታየ። ሳሎፔክና መሪው በጅቡቲ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ አለት ሜዳ ሲያቋርጡ በውሃ ጥም ያለቁ ስደተኞችን አስከሬን አገኙ። ወደ ባሕሩ ዳርቻ፣ ከዚያም ወደ የመንና ሳዑዲ ዐረቢያ ለመሻገር የሚሄዱ ሰዎች የሚያልፉበት ምድር ነው። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሐረርጌ ወይም ከትግራይ ልጁን በዚያ መንገድ የሸኘ ቤተሰብ ስለ ቦታው ሰምቷል። ዓለም አቀፍ የዜና ተቋማት ግን ወደዚያ አለት ሜዳ ዘጋቢ የሚልኩበት ምክንያት አልነበራቸውም፤ ፍንዳታ የለም፣ ጉባኤ የለም፣ መግለጫ የሚሰጥ ባለሥልጣን የለም። አስከሬኑን ያገኘው በዚያ በኩል በእግሩ ያለፈ ሰው ነው።

በዚያው ሰሞን ለዚሁ ጉዞ ሥዕል ያነሣ የነበረው ጆን ስታንማየር በጅቡቲ ከተማ ዳርቻ በሌሊት አንድ ፎቶግራፍ አነሣ። ጨረቃ ወጥታለች። ባሕሩ ዳር የቆሙ ሰዎች ስልካቸውን ወደ ሰማይ ከፍ አድርገው ይዘዋል፤ የስልኮቹ መስኮት ይበራል፣ ፊታቸው ግን ጥላ ነው። ከጎረቤት ሶማሊያ የሚመጣውን ርካሽ የስልክ ሞገድ ለመያዝና ቤተሰብ ለማግኘት ነው እንዲያ የቆሙት። ፎቶግራፉ በ2014 የዎርልድ ፕሬስ ፎቶን የዓመቱን ታላቅ ሽልማት አገኘ። ስለ ስደት ከተነሡት ብዙ ሥዕሎች የሚለየው ሰውን ሲያለቅስ ወይም ሲሰጥም አለማሳየቱ ይመስለኛል፤ ስልክ ከፍ አድርጎ «ሰማችሁኝ ወይ?» ለማለት የሚታገል ሰው ማንም ሊሆን ይችላል።

ድጎማ፣ ፍሪላንስና የአደጋው ዋጋ

ድጎማ ከደመወዝ ይለያል። በተለመደው አሠራር ጋዜጠኛው የታሪኩን ሐሳብ፣ ለምን አሁን እንደሚያስፈልግ፣ የት እንደሚታተምና የወጪ ዝርዝሩን ጽፎ ያቀርባል፤ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ቪዛ፣ የመኪና ኪራይ፣ ማደሪያ፣ የአስተርጓሚ ክፍያ። በ2006 የተቋቋመው ፑሊትዘር ሴንተር በዚህ መንገድ ከሚታወቁት አንዱ ነው። በነገራችን ላይ ይህ ተቋም የታዋቂው የፑሊትዘር ሽልማት ሰጪ አይደለም። ሽልማቱን የሚያስተዳድረው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በአብዛኛው ዘርፍ ከሽልማቱ ጋር የሚሰጠው ገንዘብ 15,000 ዶላር ነው። ሳሎፔክ ራሱ ሁለት ጊዜ፣ በ1998 እና በ2001፣ ተሸላሚ ነው። ሽልማት የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ የጠፋው ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው። ስለ ጋዜጠኞች ድጋፍ ሲወራ አብዝቶ የሚድበሰበሰው ይኸው ነው።

ድጎማ ብዙውን ጊዜ የጉዞውን ወጪ ይሸፍናል እንጂ የጋዜጠኛውን የቤት ኪራይ አይሸፍንም። ስለዚህ በድጎማ የሚሠራው በአመዛኙ ፍሪላንስ ነው፤ ማለትም የማንም ቋሚ ሠራተኛ ሳይሆን ጽሑፉን ወይም ሥዕሉን በቁራጭ የሚሸጥ። የተቋማቱ ቋሚ የውጭ አገር ቢሮ ሲዘጋ ቦታውን የሚሞላው እሱ ነው፤ መድኅን፣ የደኅንነት ሥልጠናና ቢታሰር የሚከራከርለት ጠበቃ ግን ከቢሮው ጋር አብረው ይሄዳሉ። አሜሪካዊው ፍሪላንስ ዘጋቢ ጄምስ ፎሊ በ2014 በሶሪያ ከተገደለ በኋላ የፈረንሳዩ የዜና ወኪል ኤኤፍፒ፣ የራሱን ሰው በማይልክበት የሶሪያ ክፍል ፍሪላንሶች ገብተው የሚያመጡትን ሥራ እንደማይቀበል አስታወቀ። ውሳኔው ተከራካሪ አላጣም። ደጋፊዎቹ ሥዕሉን መግዛት ወጣቱን ወደ ሞት መጋበዝ ነው አሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ በሩን መዝጋት የሶሪያን ሕዝብ ያለ ምስክር መተው ነው ብለው ሞገቱ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ችግሩ የተወለደው ግን ከሁለቱም በፊት፣ ቋሚ ዘጋቢ ውድ ነው ተብሎ በተወሰነ ቀን ነው።

ሌላው መዘዝ ይበልጥ ረቂቅ ነው። ለጋሽ የራሱ ርእስ አለው፤ የአየር ንብረት፣ ውቅያኖስ፣ ጤና፣ የሥርዓተ ፆታ እኩልነት። ጽሑፉን አስቀድሞ አይቶ የሚያርም ለጋሽ እምብዛም የለም፤ ከበሬታ ያላቸው ተቋማት ይህን በውል ይከለክላሉ። ጫናው የሚያርፈው በምርጫው ላይ ነው። ድጎማ ፈላጊው ድጎማ ያለበትን ታሪክ ያስባል። የባሕር ዛጎል ስለሚጠፋበት ደሴት ለመጻፍ የሚረዳ ይገኛል፤ የአንድ ወረዳ መሬት አስተዳደር እንዴት እንደሚሠራ ለመከታተል ስድስት ወር የሚከፍል ግን ለማግኘት ከባድ ነው።

ስሙ የማይጻፈው ሰው

በነሐሴ 2006 ሳሎፔክ ለናሽናል ጂኦግራፊክ ሥራ ከቻድ ወደ ዳርፉር በተሻገረ ጊዜ ከሾፌሩና ከአስተርጓሚው ጋር ተያዘ። በስለላ ተከሰሱ። የአሜሪካዋ የኒው ሜክሲኮ ግዛት ገዢ የነበሩት ቢል ሪቻርድሰን ካርቱም ድረስ ሄደው ተነጋገሩና ሦስቱም ከ34 ቀናት በኋላ ተፈቱ። ሦስቱ የታሰሩት በአንድ ክስ ነው፤ ገዢ የመጣለት ግን አንዱ ብቻ ነበር። ሪቻርድሰን ባይመጡ ኖሮ የሁለቱ ዕጣ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አይከብድም።

በሙያው እንደ ሾፌሩና እንደ አስተርጓሚው ያለ የአገር ሰው «ፊክሰር» ይባላል። ስሙ ጥገና የሚሠራ ያስመስለዋል። ሥራው መኪና ማፈላለግ፣ ማስተርጎም፣ ማንን ማነጋገር እንደሚገባ ማወቅና ከሁሉ በላይ መቼ መመለስ እንደሚገባ መናገር ነው። ብዙዎቹ ራሳቸው ጋዜጠኞች ናቸው። ታሪኩ ሲወጣ ስማቸው ከግርጌ ይገባል ወይም ጭራሹኑ አይገባም። አንዳንድ ጊዜ ስሙ የሚቀረው ለደኅንነታቸው ሲባል ነው፤ ይህ ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚቀረው በልማድ ነው።

እንግዳው ሲሄድ እነሱ ይቀራሉ። በየካቲት 2021 መጨረሻ በመቐለ ከኤኤፍፒና ከፋይናንሻል ታይምስ ጋር ይሠሩ የነበሩ ሁለት አስተርጓሚዎች ታሰሩ፤ ወዲያው አንድ የቢቢሲ ትግርኛ ዘጋቢም ተያዘ። ሁሉም ከቀናት በኋላ ተለቀዋል። ከአገር ውጭ የመጣ ዘጋቢ ቢበዛ ይባረራል፤ የአገሩ ልጅ ወዴት ይባረራል? ስለዚህ «ለዓለም ተጓዥ ዘጋቢዎች ድጋፍ» የሚል ማንኛውም ዕቅድ ለአስተርጓሚው መድኅን ከሌለው ግማሽ ዕቅድ ነው። የሳሎፔክ ጉዞ በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ ይሻላል፤ በየአገሩ አብረውት የሚሄዱትን ሰዎች በጽሑፎቹ ውስጥ በስማቸው እያነሣ፣ እንደ አገልጋይ ሳይሆን እንደ ጓደኛ ይጽፍላቸዋል።

ሽልማት ሲያባብል

ውዳሴ ራሱ ሥራውን ሊያበላሽ እንደሚችል የሚያሳየው የጀርመኑ ሳምንታዊ መጽሔት የዴር ሽፒገል ታሪክ ነው። ክላስ ሬሎቲዩስ የተባለው ወጣት ጸሐፊው ከሩቅ አገር የሚልካቸው ትረካዎች ልብ ይነኩ ነበር። የጀርመንን የሪፖርተሮች ሽልማት አራት ጊዜ ወሰደ። በታኅሣሥ 2018 ግን ብዙዎቹ ትረካዎች በከፊል ወይም በሙሉ የተፈጠሩ መሆናቸውን መጽሔቱ ራሱ ይፋ አደረገ። ያጋለጠው ከእርሱ ጋር አንድ ዘገባ እንዲሠራ የተመደበው የሥራ ባልደረባው ሁዋን ሞሬኖ ነው፤ አለቆቹ መጀመሪያ አላመኑትም። ዴር ሽፒገል በመረጃ አጣሪ ክፍሉ ስፋት የታወቀ ተቋም መሆኑ ነገሩን ይበልጥ አስደንጋጭ አደረገው። የአጣሪ ክፍል ቀኑን፣ ቁጥሩንና የቦታውን ስም ያረጋግጣል፤ አንድ ልጅ ሩቅ መንደር ውስጥ ያንጎራጎረውን ዘፈን እንዴት ያረጋግጣል?

ኢትዮጵያ ይህን ጥያቄ ቀደም ብላ ታውቀዋለች። ፖላንዳዊው ዘጋቢ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ ስለ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ውድቀት በ1978 ያሳተመው መጽሐፍ በዓለም ዙሪያ ተደንቋል። ምስክሮቹ የተጠቀሱት በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ነው። የኢትዮጵያን ታሪክ የሚያውቁ ምሁራን በውስጡ ያሉት ብዙ ዝርዝሮች እውነት ሊሆኑ አይችሉም ሲሉ ሞግተዋል። ተከላካዮቹ ደግሞ መጽሐፉ በምሳሌ ስለ ኮሚኒስቷ ፖላንድ የተጻፈ ስለሆነ እንደ ዜና ሊመዘን አይገባም ይላሉ። መከላከያው ለፖላንድ አንባቢ ይሠራ ይሆናል። በምሳሌነት የተወሰደችው አገር ሰው ግን «ምሳሌ ለመሆን ማን ጠየቀኝ?» ቢል የሚመለስለት መልስ አይታየኝም።

ከሁለቱ ታሪኮች የሚወጣው ታሪክ ተራኪ አያስፈልግም የሚል ድምዳሜ አይደለም። ሽልማት ሰጪዎች የሚመዝኑት ያለቀውን ጽሑፍ እንጂ መንገዱን አለመሆኑ ነው። ማስታወሻ ደብተሩን፣ የድምፅ ቅጂውን፣ አብሮ የሄደውን አስተርጓሚ የሚጠይቅ ዳኛ ቢኖር ሬሎቲዩስ ከመጀመሪያው ሽልማት ባላለፈ ነበር።

ኢትዮጵያዊውን ዘጋቢ ማን ይልከዋል?

እስካሁን የተጠቀሱት ተጓዦች ሁሉ የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ሰዎች ናቸው። ዓለምን ለማየት ከገንዘብ በፊት ቪዛ ይጠይቃል፤ ከአዲስ አበባ የሚነሣ ጸሐፊ ዐሥራ ሁለት ድንበር በእግሩ ላቋርጥ ቢል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በኤምባሲ ደጃፍ ይጨርሳቸዋል። አንዳንዶች ለዚህ ነው «የነጭ ተጓዥ ውዳሴ ሰልችቶናል፣ ገንዘቡ ለየአገሩ ልጆች ይሰጥ» የሚሉት። ሌሎች ደግሞ ባዕድ ዓይን ለባለአገሩ የተለመደውን ነገር እንደ አዲስ ያያል ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ የተሟላ የሚሆነው ባዕድ ዓይን የመሆን ዕድል ለኢትዮጵያዊውም ሲደርስ ይመስለኛል፤ ጃፓንን ወይም ብራዚልን በአማርኛ የሚያይ ዓይን።

እንዲህ ያለ ሥራ ለአማርኛ አዲስ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ያዩትን በመጽሐፍ ለአገራቸው አንባቢ አቅርበዋል። ያኔ ላኪው መንግሥት ነበር፤ ተጓዡም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር። በአገር ውስጥ ደግሞ ዛሬ «ተጓዥ ጋዜጠኛ» የሚለውን መጠሪያ ያስለመዱ፣ እንደ ሔኖክ ስዩም ያሉ ሰዎች አሉ። የአብዛኛው የመስክ ዘገባ አሠራር ግን የታወቀ ነው። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ወይም የእርዳታ ድርጅቱ መኪና ያዘጋጃል፣ አበል ይከፍላል፣ የሚጎበኘውን ፕሮጀክት ይመርጣል፤ ጋዜጠኛው ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ ስለ ፕሮጀክቱ ይጽፋል። ዘገባው ሐሰት ላይሆን ይችላል። መኪናው ያልቆመበት ቀበሌ ግን አይገባበትም።

ከአገር ውጭ ያለውን ዓለም በአማርኛ ከሚያሰሙት አንዱ ከ1982 ጀምሮ ሲያስተላልፍ የኖረው የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል ነበር። በመጋቢት 2025 የተቋሙ ሠራተኞች ከሞላ ጎደል በሙሉ ከሥራ እንዲርቁ ሲደረግ ስርጭቱ ተቋረጠ። ከዚያ ቀደም ብሎ የቆመው የአሜሪካ እርዳታ ደግሞ፣ ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች የተባለው ድርጅት እንደገለጸው፣ ለ2025 ለነጻ መገናኛ ብዙኃን ድጋፍ የተመደበ 268 ሚሊዮን ዶላርን ይጨምር ነበር። ይህ ገንዘብ ከናሽናል ጂኦግራፊክ ድጎማ ጋር አይገናኝም፤ በአብዛኛው የሚደርሰው በየአገሩ ላሉ ትንንሽ ዝግጅት ክፍሎች ነበር። ማለትም ፊክሰሮቹ ከሚወጡባቸው ቤቶች።

ክፍተቱ ባዶ አይቀርም። ቻይና በ2014 ባቋቋመችው የአፍሪካ ጋዜጠኞች የፕሬስ ማዕከል አማካይነት ከአህጉሩ ዘጋቢዎችን እየጋበዘች ለወራት ታቆያለች፤ ማደሪያ፣ የኪስ ገንዘብና በየክፍለ አገሩ የሚደረግ ጉብኝት አለው። ዋሽንግተንም ከ1940 ጀምሮ የራሷ የጎብኚዎች ፕሮግራም አላት፤ ሐሳቡ የቤጂንግ ብቻ አይደለም። ግብዣውን መናቅ ቀላል ነው። ሌላ የሚልከው ለሌለ ዘጋቢ ግን ዓለምን የሚያይበት ብቸኛ በር ሊሆን ይችላል። እናም ይሄዳል። አስተርጓሚው ተመድቦለታል፣ መርሐ ግብሩ ታትሟል፣ አውቶብሱ ሆቴሉ በር ላይ ቆሟል። ተመልሶ ስለ ፈጣኑ ባቡር ይጽፋል። ባቡሩም በእርግጥ ፈጣን ነው።